ሦስተኛው ቤተ መቅደስ፣ ቀይ ጊደርና የእኛ ስምንተኛ ሺህ

ከመገናኛ ወደ ሰሚት በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጎልማሳ እናት ስልካቸውን ወደ እኔ አዘንበለው «ይኼን አይተኸዋል?» አሉኝ። በስልኩ ላይ ቀይ ጊደሮች ገለባ ይበላሉ። የአማርኛው ተራኪ ጊደሮቹ ከቴክሳስ እስራኤል መግባታቸውን፣ ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ሊሠራ የቀረው የቀናት ጉዳይ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲያ ሐሳዊ መሲሕ እንደሚነግሥ በተጣደፈ ድምፅ ይናገራል። ሴትየዋ የሚተዳደሩት ለሆቴሎች እንጀራ በማቅረብ ነው። «በሚመጣው ወር ዕቁብ ይወጣልኛል፤ ከግቢዬ ጥግ አንድ ክፍል ሠርቼ ላከራይ ነበር ሐሳቤ። ይኼን ካየሁ ወዲህ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዓለም ሊያልቅ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ብሎኬት ምን ያደርግልኛል?»

ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ግራ ገባኝ። እኚህ ሴት በቀላሉ የሚታለሉ ሰው አይደሉም። የጤፍ ዋጋ ሊጨምር ሲል ቀድመው የሚያውቁ፣ የዕቁብ ዳኛ ሆነው የሰው ገንዘብ የሚይዙ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ክፍል ለመሥራትና ላለመሥራት ባሕር ማዶ የተወለደች ጊደር ጠጉር ቀለም የሚጠብቅ ከሆነ፣ ነገሩን ረጋ ብሎ የሚያስረዳው ሰው አጥቷል ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየደረስኩበት ስለ ቤተ መቅደሱ ስጠይቅ ከረምኩ።

ከጊደሮቹ ልጀምር፤ እውነት ናቸውና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አምስት ቀይ ጊደሮች ከቴክሳስ በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ። (ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።) ያስገቧቸው የአሜሪካ ወንጌላውያንና በእስራኤል ያሉ አጋሮቻቸው ናቸው። የተወሰኑት በኋላ ወደ ሴሎ ተወሰዱ። ሴሎ በካህኑ በዔሊ ዘመን ታቦቱ የነበረባት፣ ዛሬ በዌስት ባንክ ውስጥ የምትገኝ ቦታ ናት። የጊደሯን ምክንያት ዘኍልቍ 19ን ያነበበ ያውቀዋል፤ ሬሳ የነካ ሰው የሚነጻው የቀይ ጊደር አመድ በተቀላቀለበት ውኃ ነው። አመዱ ከሌለ ካህኑ አይነጻም፤ ካልነጻ ደግሞ መቅደስ ገብቶ አያገለግልም። የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው መስፈርቱን እጅግ አጥብቀውታል። ሌላ ቀለም ያለው ሁለት ጠጉር የታየባት ጊደር ትወድቃለች፤ ቀንበር የተጫነባትም እንዲሁ። በታሪክ ሁሉ የተዘጋጁት ዘጠኝ ብቻ እንደሆኑ ይኸው መጽሐፍ የብዙዎቹን ሊቃውንት ቃል ይዞ ይቆጥራል። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ማይሞኒደስ ደግሞ ዐሥረኛዋን የሚያዘጋጃት መሲሑ ነው ብሎ ጻፈ።

ጊደር ፍለጋው ታዲያ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ረቢ እስራኤል አሪኤል፣ በ1967ቱ ጦርነት አሮጌዋን ከተማ ከያዙት ፓራሹተኞች አንዱ የነበሩት፣ በ1987 በኢየሩሳሌም የቤተ መቅደስ ተቋም የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ተቋሙ የካህናት ልብስ አሰፋ፣ ንዋያተ ቅድሳት አሠራ፣ በወርቅ የተለበጠ ታላቅ መቅረዝ አቆመ። በ1990ዎቹ ክላይድ ሎት የሚባል የሚሲሲፒ ከብት አርቢና ጴንጤቆስጤያዊ ሰባኪ ከተቋሙ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ ቀይ ከብቶችን ወደ እስራኤል ለመላክ ዓመታት ደከመ። በ1997 ደግሞ ሰሜን እስራኤል ውስጥ የተወለደች ሜሎዲ የምትባል ቀይ ጊደር የዓለምን ጋዜጦች አጥለቀለቀች። ያኔም «ቀኑ ደረሰ» ተብሎ ነበር። ጭራዋ ላይ ነጭ ጠጉር ሲበቅል ወሬው ቀረ። ዛሬ በስልክ የሚዞረው የቀናት ጉዳይ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ መካከል የእስራኤል ዋና ረቢዎች መሥሪያ ቤት ከ1967 ጀምሮ ለአይሁድ ምእመናን ወደ ቤተ መቅደሱ ተራራ መውጣት እንደማይፈቀድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ሰቅሏል። አብዛኞቹ ጥብቅ ሃይማኖተኞችም ይህንኑ ያከብራሉ። የአማርኛው ተራኪ ይህን አይነግረንም።

ስለ ቦታውም አይነግረንም። ተራራው 144 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የሚሰፋ አደባባይ ነው። በላዩ በ691 ወይም በ692 የተጠናቀቀው የዓለት ጉልላት አለ፤ የአቅሣ መስጊድ አለ። በ1967 የእስራኤል ጦር ቦታውን ሲይዝ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን የተሰቀለውን የእስራኤል ባንዲራ አስወርዶ የዕለት አስተዳደሩን ለእስላማዊው ወቅፍ መለሰ። ስለዚህ በዚያ ተራራ ላይ ቤተ መቅደስ ይሠራል የሚል ሰው፣ ቢናገረውም ባይናገረውም፣ አሁን እዚያ የቆመው ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ አብሮ ያነሳል።

የኔታ ብዬ የምጠራቸው አዛውንት በእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ደብር የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ያስተምራሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ስለ ጊደሮቹ ስነግራቸው መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆሙኝ። «ልጄ፣ ቤተ መቅደስ የለም ያለህ ማን ነው? ቅኔ ማኅሌቱ አለ፣ ቅድስቱ አለ፣ መቅደሱ አለ፣ ታቦቱ አለ፣ መሥዋዕቱ አለ። ዛሬ ጧት ምን ስናደርግ የቆየን ይመስልሃል? ሁለት ሺህ ዘመን መቅደስ አጥተን የቴክሳስ ላም ስንጠብቅ ኖርን?»

እሳቸው እንዲህ ሲሉ እየተቆጡ አልነበረም። ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ከማቴዎስ 24 ጀመሩልኝ። ምዕራፉን አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም፤ የየኔታን አነባበብ ብቻ ልጻፍ። «ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ይኼ ሕንፃ መቼ ይፈርሳል፣ አንተስ መቼ ትመጣለህ ብለው። ጌታም ሁለቱን አያይዞ መለሰላቸው። ለምን አያያዘው? ቀን ቆጣሪ እንዳይጫወትበት ነው። ስለዚህ መተርጕማኑ ግማሹን ለጥጦስ፣ ግማሹን ለሐሳዊ መሲሕ፣ ግማሹን ለሁለቱም ይሰጡታል። እኛ ሦስትና አራት አብነት እንደረድራለን እንጂ ይኼ ብቻ ነው ብለን አንዘጋም።»

ጥጦስ ያሉት በ70 ኢየሩሳሌምን ከብቦ ቤተ መቅደሱን ያቃጠለው የሮም ጦር አዛዥ ነው። አባቱ አስባስያኖስ ቄሣር ነበር። የከበባው ታሪክ በግእዝ ዜና አይሁድ ወይም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን በሚባለው መጽሐፍ ሲነበብ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ መጽሐፉ በሰፊው የቀኖና ዝርዝራችንም ይቆጠራል። የማቴዎስና የማርቆስ ወንጌል የጥፋትን ርኵሰት በሚያነሡበት ቦታ ሉቃስ በ21ኛው ምዕራፍ በጭፍሮች የተከበበችውን ኢየሩሳሌም ማስቀመጡን የኔታ አጥብቀው አስገነዘቡኝ። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች ከጦርነቱ በፊት ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳለችው ወደ ጴላ መሸሻቸውን መዝግቧል። እነዚያ ክርስቲያኖች ትንቢቱን ሰምተው ያደረጉት ነገር ሕይወታቸውን ማትረፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መነገር አለበት። ሐሳዊ መሲሕ በኢየሩሳሌም መቅደስ ይቀመጣል የሚለው ሐሳብ ራሱ ዘመን አመጣሽ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሄሬኔዎስ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በዚያ ይቀመጣል ብሎ ጽፏል። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሂጶሊተስ ክርስቶስ ሥጋውን እንደ መቅደስ ሲያስነሣ ተቃዋሚው ግን በኢየሩሳሌም የድንጋይ መቅደስ ያስነሣል አለ። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ሁለተኛ ተሰሎንቄ በሰበከው ስብከት የኢየሩሳሌሙ ብቻ ሳይሆን በየቤተ ክርስቲያኑም የሚቀመጥ ነው ሲል አሰፋው። አውግስጢኖስ ደግሞ ሐዋርያው የፈረሰውን የሰሎሞንን መቅደስ ይበል ቤተ ክርስቲያንን ይበል በእርግጥ መለየት እንደማይቻል ተናገረ። ቢለያዩም አንዳቸውም የድንጋዩን መቅደስ መልሶ መሥራት የክርስቲያን ሥራ ነው አላሉም። ለግንባታው ገንዘብ የሚያዋጣ፣ ከብት የሚልክ ክርስቲያን በሐሳባቸውም አልነበረም።

ይህን ለማየት ከዑልያኖስ የተሻለ ምስክር የለም። ዑልያኖስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ጥቂት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ቅዱስ መርቆሬዎስ ከጥቁር ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር ሲወጋው እናየዋለን። በሥዕሉ ላይ የሌለው ግን ይኸው ከሃዲ ንጉሥ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ መልሶ ለመሥራት ማዘዙ ነው። ዘመኑ 363 ነው። ክርስቲያን ሆኖ አድጎ ሃይማኖቱን የተወው ዑልያኖስ ክርስቶስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም ያለበት ስፍራ ዳግመኛ መቅደስ ሲቆምበት ለማየት ፈለገ፤ አይሁድም ከልባቸው ተደሰቱ። ሥራውን አሊጲዮስ ለሚባል ባለሥልጣን ሰጠ፣ ገንዘብም አፈሰሰ። በንጉሡ ሠራዊት ያገለገለው፣ ክርስቲያን ያልነበረው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርሴሊኑስ በመሠረቱ አጠገብ የእሳት ኳሶች እየፈነዱ ሠራተኞቹን ስላቃጠሉ ሥራው መቋረጡን ጻፈ። በዚያው ዓመት በግንቦት ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን አናግቶታል። በሰኔ ንጉሡ በፋርስ ዘመቻ ላይ በጦር ተወግቶ ሞተ። በወቅቱ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበረው ቄርሎስ ከዚያ በፊት ለተጠማቂዎች ባስተማረው ትምህርት ሐሳዊ መሲሕ የሚቀመጠው በፈረሰው በአይሁድ መቅደስ ነው ብሎ ነበር። እንዲያ ያስተማረው ሰው ግንበኞቹ ሲሰበሰቡ በዓይኑ አየ።

ይህን ሁሉ ለየኔታ ስተርክላቸው ዑልያኖስ ጋ ስደርስ ፈገግ አሉ። «አየህ፣ ያኔ ሊሠራው የተነሣው ክርስቶስን የካደው ነው። ዛሬ ገንዘብ የሚያዋጣው በክርስቶስ ስም የሚምለው ነው። መካከል ላይ ምን ሆነ?»

መካከል ላይ የሆነውን ለማግኘት ወደ አየርላንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጆን ኔልሰን ዳርቢ በለንደን የተወለደ፣ በአየርላንድ በአንግሊካን ክህነት ያገለገለ፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ የወጣ ሰው ነው። በ1830ዎቹ እሱና ባልንጀሮቹ ትንቢትን ለማጥናት ዊክሎው ውስጥ በአንዲት ባለጸጋ እመቤት ግዛት ይሰበሰቡ ነበር። ዳርቢ ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ምሰሶ አለው። አንደኛው እግዚአብሔር ሁለት ሕዝብ አለው፣ ምድራዊ እስራኤልና ሰማያዊ ቤተ ክርስቲያን፣ የሁለቱም ተስፋ ለየብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ከታላቁ መከራ በፊት በድንገት ትነጠቃለች የሚል ነው። የዳንኤል ሰባ ሱባዔም በዚሁ ተሰነጠቀ። ስልሳ ዘጠኙ አልፏል፤ ከዚያ ሰዓቱ ቆመ፤ የቤተ ክርስቲያን ዘመን በሙሉ በመካከል የገባ ነው፤ ንጥቀት ሲሆን ሰዓቱ ተነሥቶ የመጨረሻው ሱባዔ፣ ማለትም ሰባት ዓመት፣ ይጀመራል። በእነዚያ ሰባት ዓመታት መቅደሱ ተሠርቶ መሥዋዕት ይቀርብበታል፤ እኩሌታው ላይ ሐሳዊ መሲሕ ከአይሁድ ጋር የገባውን ቃል ኪዳን ያፈርሳል። በዚህ አነባበብ መቅደሱ ካልተሠራ ቀሪው አይከተልም።

ሐሳቡን በዓለም የበተነው ሳይረስ ስኮፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1909 በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ከየገጹ ግርጌ የዳርቢን ትምህርት በማስታወሻ መልክ ይዞ ወጣ። ብዙ አንባቢ የግርጌውን ማስታወሻ ከላይ ካለው ቅዱስ ቃል ጋር አብሮ አነበበ፣ አብሮም አመነ። በ1948 እስራኤል መንግሥት ሆነች፤ በ1967 አሮጌዋ ኢየሩሳሌም በእጇ ገባች። ሥዕሉ በዓይናቸው ፊት ሲሞላ ያዩ ሰባኪዎች ልባቸው ምን ያህል እንደሞቀ ለመረዳት አይከብድም። በ1970 ሃል ሊንድሴ ያሳተመው መጽሐፍ ልብ ወለድ ካልሆኑ መጻሕፍት መካከል በአሜሪካ የዐሥር ዓመቱን ሽያጭ መራ። ሊንድሴ አንድን ትውልድ በአርባ ዓመት ገደማ አስልቶ ከ1948 ቆጠረ፤ ስሌቱ 1988 ላይ ያደርሳል። 1988 መጥቶ ሄደ። ሊንድሴ በ2024 አረፈ። በ1995 የጀመረው የቲም ላሄይና የጄሪ ጀንኪንስ ተከታታይ ልብ ወለድ ደግሞ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ንጥቀትን፣ ሰባቱን ዓመታትና የተሠራውን መቅደስ ያነበቡት ከሰባኪ ሳይሆን ከልብ ወለድ የሆኑ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ አንድ አይደለም። ከሰሜን አሜሪካ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጡ ሚስዮናውያን ብዙዎቹ በዚህ ትምህርት የሰለጠኑ ነበሩ። ከጀርመንና ከስካንዲኔቪያ የመጡት ሉተራውያን ግን ሌላ ናቸው፤ የ1530ው የአውግስቡርግ እምነት መግለጫ በ17ኛው አንቀጹ ከትንሣኤ በፊት ጻድቃን ብቻ የሚነግሡበት ምድራዊ መንግሥት ይቆማል የሚለውን ትምህርት ይነቅፋል። በእኛ አገር የወንጌላውያን ሁሉ አቋም አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ይበል። ዛሬ ግን አቋም የሚያስይዘው ስልክ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያያል፤ በአውቶቡሱ ያገኘኋቸው እናት አንገታቸው ላይ ማተብ ነበር።

በአዲስ አበባ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የሚያስተምሩ ፓስተር የዳርቢን ትምህርት ጠጥተው ማደጋቸውን ነገሩኝ። «የክርስቶስ መምጣት ተስፋዬ ነው፤ ያንን ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም» አሉ። ቀጥለው የተናገሩት ግን ከልቤ አልወጣም። «ስለ ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ለብዙ ዓመት ሰብኬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን የአቅሣን መስጊድ ስም አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም። እዚያ በየቀኑ የሚጸልይ ሰው መኖሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።» አሁን ሲያስተምሩ የተራራውን ካርታ ሰሌዳ ላይ ይሥላሉ።

የኔታ ግን ጣታቸውን ወደ ሩቅ አገር ብቻ አልቀሰሩም። «የእኛንም ጻፍ» አሉኝ። የእኛ የሚሉት ስምንተኛው ሺህ ነው። በባሕረ ሐሳባችን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመውም በ1500 ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ የነበረው ትውልድ ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ተጨንቆ ነበር። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያሳየው ፈጣሪውን ይለምን እንደነበረ ይነገራል፤ የሞተውም በዚያው በ1500 ዓመተ ምሕረት ወርኃ ነሐሴ፣ ዘመኑ ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። ልጁ ልብነ ድንግል ነገሠ፤ ሁለት ዐሥርት ዓመት ገደማ ቆይቶ የግራኝ ጦርነት መጣ። ትንቢቱ ደረሰ የሚል ሰው ማስረጃ አላጣም። ቢሆንም ዓለም አላለፈችም፤ ይኸው በ2000 ዓመተ ምሕረት ሰባት ሺህ አምስት መቶን አከበርን።

ከዚያም ፍካሬ ኢየሱስ አለ። ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚለው ይህ መጽሐፍ ስንት ሰው እንዳጽናና ማን ይቆጥራል? የቋራው ካሣ በ1855 ሲነግሥ ስሙን ቴዎድሮስ ያለው ሕዝቡ ይህን ስም ሲጠብቅ መኖሩን ስለሚያውቅ ነው። በእርሱ ዘመነ መንግሥት፣ በ1862፣ የቤተ እስራኤሉ መነኩሴ አባ ማሃሪ የመድኃኒት ቀን ደርሷል ብለው ተከታዮቻቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ቀይ ባሕር በሙሴ ዘመን እንደሆነው እንደሚከፈልላቸው አምነዋል። ብዙ ሰው ትግራይ ላይ በረኀብና በበሽታ አለቀ፤ የተረፉት ተመለሱ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተሰማኝ ሐዘን ነው። ሴቶችና ሕፃናት በእግራቸው የሄዱት ከልባቸው ስለጸለዩ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በየዓመቱ የስግድ በዓልን በኢየሩሳሌም የቤተ መቅደሱ ተራራ ከሚታይበት ከፍታ ላይ ያከብራሉ፤ በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት በዓሉን በሕግ አውቆታል።

«ናዖድ እንኳ ፈርቶ ነበር» አሉ የኔታ። «ንጉሥ ነው፣ ደራሲ ነው፣ ግን ፈራ። መፍራት ነውር አይደለም። ነውሩ የሰውን ፍርሃት መነገጃ ማድረግ ነው። ትንቢትን እንደ ሎተሪ ቁጥር ከዜና ጋር የሚያመሳክር ሰው፣ ዜናው በተለወጠ ቁጥር እምነቱን ይለውጣል። በደርግ ጊዜ አውሬው ሞስኮ ነበር። ከዚያ ብራስልስ ሆነ። በወረርሽኙ ጊዜ ክትባቱ ሆነ። አሁን ጊደር። እኔ አርጅቻለሁ፤ ስንት አውሬ ሲመጣና ሲሄድ አየሁ።»

ሰባውን ሱባዔም ጠየቅኋቸው። «ተፈጽሟል» አሉኝ ባጭሩ። «በክርስቶስ ተፈጽሟል ብለን በየዓመቱ በዘመነ ስብከት እናስተምራለን። መካከል ላይ የቆመ ሰዓት አናውቅም።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ ጨመሩ። «ሐሳዊ መሲሕ አይመጣም እያልኩህ እንዳይመስልህ። ይመጣል። እኔ የምፈራው ግን መጥቶ ኢየሩሳሌም ሳይሆን እዚሁ እኛ ዘንድ ሲቀመጥ ሁላችንም በስልክ ኢየሩሳሌምን እያየን እንዳናልፈው ነው።»

በአንድ የሃይማኖት ተቋም ውስጥ የስብከት ክፍልን የሚመሩ ኃላፊን ስለነዚህ ቪዲዮዎች ጠይቄያቸው ነበር። ምእመናን የሚጠይቁት ጥያቄ ወደ እናንተ ይደርሳል ወይ፣ የምትሰጡት ትምህርትስ አለ ወይ ነው ያልኳቸው። ጉዳዩ «ስስ» ነው አሉኝ። በደብዳቤ ጠይቅ ተባልኩ፤ በደብዳቤ ስጠይቅ ከበላይ አካል ፈቃድ ይጠበቃል ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ስልካቸውን አላነሡም። አንድ የሃይማኖት ተቋም ስለ ማቴዎስ 24 ለመናገር የማንን ፈቃድ እንደሚጠብቅ አልገባኝም።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። በነሐሴ 1969 ዴኒስ ማይክል ሮሃን የሚባል አውስትራልያዊ ክርስቲያን መስጊዱ ቢቃጠል ቤተ መቅደሱ ይሠራል ብሎ አምኖ በአቅሣ ውስጥ እሳት ለኮሰ። ከሳላሕ አድ-ዲን ዘመን የተረፈው ጥንታዊ ምንበር፣ ማለትም የስብከት ሰገነት፣ ተቃጠለ። ሰውየው የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት የተመሠረተውም ያን ቃጠሎ ተከትሎ ነው። በ1984 የዓለት ጉልላትን በፈንጂ ለማፍረስ ያሴሩ የአይሁድ ታጣቂዎች ተያዙ። በጥቅምት 1990 የቤተ መቅደሱን መሠረት ድንጋይ እናኖራለን ያለ አንድ ቡድን ካስነሣው ውጥረት በኋላ በተራራው ላይ ቢያንስ 17 ፍልስጤማውያን ተገደሉ። በግንቦት 2018 የአሜሪካ ኤምባሲ በኢየሩሳሌም ሲከፈት ጸሎቱን ካደረሱት መካከል ስለ ፍጻሜ ዘመን በመስበክ የታወቁት ጆን ሄጊና ሮበርት ጄፍረስ ይገኙበታል፤ በዚያው ቀን በጋዛ አጥር ላይ 60 ገደማ ሰው በጥይት ሞተ። በጥር 2024፣ የጋዛው ጦርነት መቶኛ ቀኑን ሲይዝ፣ የሐማስ ታጣቂ ክንፍ ቃል አቀባይ ቀያዮቹን ላሞች በንግግሩ ጠቀሰ። አንዱ ወገን ተስፋ ብሎ የሚያያቸውን ከብቶች ሌላው ወገን የጥቃት ዋዜማ አድርጎ ነው የሚያያቸው።

በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ክርስቲያኖች ስለዚህ ምን ይላሉ? በነሐሴ 2006 የላቲኑ ፓትርያርክ ሚሼል ሳባሕ፣ የሶርያ ኦርቶዶክስ፣ የአንግሊካንና የሉተራን መሪዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ የክርስቲያን ጽዮናዊነትን ትምህርት በግልጽ ነቀፉ፤ የፍትሕንና የዕርቅን መልእክት የሚያበላሽ ነው አሉ። የእኛም መነኮሳት ከተራራው በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ይኖራሉ። ከተማዋ በተናወጠች ቁጥር የሚዘጋው በር እነሱንም ይዘጋባቸዋል።

እዚህ አገር የሚደርሰውን ጉዳት የሚቆጥር የለም። ፓስተሩ የሦስተኛ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት ያውቃሉ፤ ወላጆቹ ይዘውት መጥተው ነበር። የኔታ ዘንድ ደግሞ በዐረብ አገር ያገኘችውን ገንዘብ ሁሉ «ለመጨረሻው ዘመን አገልግሎት» ለአንድ ሰባኪ ያስተላለፈች ልጅ እናት መጥተው አልቅሰዋል። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ማቴዎስ 24 በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ ይነበባል። በዚያ ቀን ለመቀደስና ለማስቀደስ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። የኔታ የምዕራፉን ትርጓሜ ከጥጦስ ጀምሮ በዚያው ሳምንት ማታ ማታ ለምእመናን በአማርኛ ለማስተማር፣ መጨረሻ ላይም ሕዝቡ ስለ ጊደሮቹም ስለ ሌላውም የፈለገውን እንዲጠይቅ ለደብራቸው አስተዳደር ማመልከቻ አስገብተዋል። አዳራሽ አልጠየቁም፤ የድምፅ ማጉያውና መብራቱ እንዲበራላቸው ነው የጠየቁት። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ጊዜ ድረስ መልስ አልተሰጣቸውም።